የጎማው ዘመን ጥቁር ሠራተኞች በልብ ወለድ፦ ምን ላንብብ?

ወንድሜ፣ «ጎማ እንደ ወርቅ በሚፈለግበት ዘመን የጥቁር ሠራተኞችን ኑሮ የሚያሳዩ ልብ ወለዶች ጠቁሙኝ፤ እውነቱን ከፈጠራው በምን ልለይ?» ብለሃል።

መጀመሪያ ኮንጎንና አማዞንን አትደባልቅ። ኮንጎ ላይ ጎማው የሚገኘው ከሐረግ ነበር። ሐረጉ እየተቆረጠ ሲያልቅ ሰዉ በየጊዜው ወደ ሩቅ ጫካ ይዘልቃል፤ የተጣለበትን ኮታ ካላሟላ ሚስቱ ታግታ ትቆያለች። ለዚህ ሁሌም የሚጠቆመው የኮንራድ «የጨለማ ልብ» (1899፤ ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የዝሆን ጥርስ ታሪክ እንጂ የጎማ አይደለም።

ለአማዞን ከፌሬራ ዴ ካስትሮ «ጫካው» (1930) ጀምር። ደራሲው በልጅነቱ ብራዚል ውስጥ ባለው ማዴይራ ወንዝ አካባቢ በጎማ ይዞታ ውስጥ ኖሯል፤ ያስታውቃልም። የጎማ ሠራተኛ ሳይነጋ ይወጣል። ከመቶ በላይ ዛፎችን እየዞረ በትንሽ መጥረቢያ ልጡን ያደማና ከሥሩ ጣሳ ይሰካል፤ ከዚያ ተመልሶ ወተቱን ይሰበስባል። ዝናብ ከቀደመው ጣሳው ውኃ ይገባበትና የቀኑ ድካም ከንቱ ነው። ከሰዓት በኋላ በዘንባባ ፍሬ ጢስ ላይ እንጨት እያሽከረከረ ወተቱን ቀስ እያለ ያፈስበታል፤ ድርብርብ ሆኖ እየረጋ ትልቅ ድቡልቡል ይወጣዋል። ጢሱ ዓይንም ሳንባም አይምርም። ጉድለቱ፣ ሁሉን የምናየው በፖርቱጋላዊው አልቤርቶ ዓይን መሆኑ ነው። የቀድሞው ባሪያ፣ ጥቁሩ ሽማግሌ ቲያጎ፣ ዳር ቆይቶ መጨረሻ ላይ ብቻ ይገንናል። የሚያደርገውን አልነግርህም፣ አንብበው።

የማርሲዮ ሶዛ «ማድ ማሪያ» (1980) ጎማ ለማጓጓዝ ከ1907 እስከ 1912 የተዘረጋውን የማዴይራ–ማሞሬ ባቡር ሐዲድ ይዞ ይነሳል። ከካሪቢያኗ ደሴት ከባርቤዶስ የመጡት ጥቁር ሠራተኞች ከጀርመን ሠራተኞች ጋር ይጋደላሉ፣ ወባውም አይምራቸውም።

ከባዱ የቫርጋስ ዮሳ «የኬልቱ ሕልም» (2010) ነው። በአማዞኑ የጎማ አካባቢ ፑቱማዮ ውስጥ ባርቤዶሳውያኑ ለሥራ ተቀጥረው ሄደው ጠመንጃና ጅራፍ ይሰጣቸዋል፤ የአገሬውን ሕዝብ ይገርፋሉ፣ እምቢ ሲሉ ራሳቸው ይገረፋሉ። የብሪታንያው ቆንስል ሮጀር ኬዝመንት በ1910 ቃላቸውን ሲቀበል ከመሰከሩት አንዱ የነበረው ፍሬድሪክ ቢሾፕ በመጽሐፉም አለ። ተበዳይ ብቻ ወይም በዳይ ብቻ አድርገህ ካነበብካቸው ነገሩ ያመልጥሃል።

እውነቱን ለመለየት የዕዳውን ደብተር ፈልግ። ሠራተኛው ሥራ ሳይጀምር የመርከብ ጉዞውን፣ የመጥረቢያውንና የጣሳውን ዋጋ ተበድሯል። ምግቡን የሚሸጥለትም፣ ጎማውን የሚመዝንበትም ያው ጌታው ነው። ጅራፉ ብቻ የሚጮህበት መጽሐፍ ሰውየው ለምን ጥሎ እንዳልሄደ አያስረዳህም።

ሦስቱም የአማዞን መጻሕፍት በእንግሊዝኛ ተተርጉመዋል።