የፎር ዊል መብራት ሲያስቸግር፦ ለጎንደር ወጣት መካኒኮች

ልጆቼ፣ ክረምት ሲቃረብ ወደ ደምቢያ ጥቁር አፈር፣ ወደ መተማ ቆላና በደባርቅ በኩል ወደ ስሜን ተራሮች የሚመላለሱ ፒክአፖች ጋራዥ መግባት ይጀምራሉ። ሹፌሩ አንዱን ይላችኋል፦ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የፎር ዊሉ (የሞተሩ ኃይል ለአራቱም ጎማ የሚደርስበት አነዳድ) መብራት አይበራም፣ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ወይም አልጠፋም ብሏል። ሦስቱም የተለያዩ ችግሮች ናቸውና በደንብ ጠይቃችሁ ለዩ።

መብራቱ የሚያውቀው ትራንስፈሩ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው የማርሽ ሳጥን) ወይም የፊት ዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው) ላይ የተገጠመች ትንሽ ስዊች የነገረችውን ብቻ ነው። የፊት ጎማ ኃይል ይድረሰው አይድረሰው አያይም። ስለዚህ ዳሽቦርድ ከመፍታታችሁ፣ መለዋወጫም ከማስገዛታችሁ በፊት ጎማውን ፈትሹ። ሰው ገንዘቡን በከንቱ የሚያፈሰው ይህ ፈተና ሲዘለል ነው።

ፎር ዊሉን አስገብታችሁ በአፈር መንገድ ጥቂት ሜትር ቀጥ ብላችሁ ንዱ፤ የማርሹ ጥርሶች የሚገጥሙት መኪናው ሲንቀሳቀስ ነው። ከዚያ ደልዳላ ቦታ አቁማችሁ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ የኋላ ጎማዎችን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ አስደግፉ። የትራንስፈሩ ማርሽ ፎር ዊል ላይ እንዳለ ካምቢዮውን ፎሌ (ምንም ማርሽ ያልገባበት) አድርጉ፣ ሞተሩ ይሥራ። አንድ የፊት ጎማ ብቻ በክሪክ አንሱና መደገፊያ አስገቡ። ጎማውን በእጅ ስታዞሩት ትንሽ ተወላውሎ ከቆመ ፎር ዊሉ ገብቷል፣ ችግሩ የኤሌክትሪክ ነው። እንደልቡ ከዞረ ግን መብራቱ አለመብራቱ ትክክል ነው፤ መኪናው በእርግጥም በሁለት ጎማ ብቻ ነው የሚሄደው። የጎማው መሃል ላይ በእጅ የሚዞር መቆለፊያ ያላቸውን አሮጌዎቹን ከሆነ የያዛችሁት፣ ሁለቱም ጎኖች መቆለፋቸውን አስቀድማችሁ እዩ።

የኤሌክትሪክ ከሆነ ቫልቮላውን (ፊውዙን) አይታችሁ ወደ ትራንስፈሩ ውረዱ። የስዊቿን ሶኬት ነቅላችሁ የመኪናውን መነሻ ቁልፍ ክፈቱና የሶኬቱን ሁለት ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኙ። መብራቱ ከበራ አምፖሉና ሽቦው ደህና ናቸው፣ ስዊቿን ፍቱ። ይህን የምታደርጉት በእጅ ማርሽ በሚገባውና መብራቱ በቀጥታ ከስዊቿ ጋር በተያያዘው ዓይነት ላይ ብቻ ነው። ፎር ዊላቸው በማርሽ ፋንታ በሚዞር ማብሪያ የሚታዘዙት አዳዲሶቹ ኮምፒውተር አላቸው፤ እነሱን በስካነርና በዚያው ሞዴል የሽቦ ንድፍ መርምሩ።

ስዊቿን በቴስተር ስትለኩ ጫፏ ላይ ያለችው ኳስ ስትጫንና ስትለቀቅ ንባቡ መቀያየር አለበት። ካልተቀያየረ ሞታለች። የሪትሮ (የኋላ ማርሽ) መብራት ስዊችና የዝቅተኛው ማርሽ ስዊች ከእሷ ጋር ይመሳሰላሉና ሶኬቶቹን ሳትነቅሉ ምልክት አድርጉ። መልሳችሁ ስትገጥሙ በፊት የነበረውን ያህል ውፍረት ያለው አዲስ ሮንዴላ (ከስዊቿ ሥር የሚገባ ቀለበት) ግጠሙ። ዘይት እንዳያፈስ ብለው ሁለት ሮንዴላ የሚደርቡ አሉ፤ ያኔ ኳሷ ከውስጡ ዘንግ ትርቅና አዲስ ስዊችም ቢሆን መብራቱን አያበራም።

ጎማው እንደልቡ ከዞረ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፊት ዲፈረንሻሉን የሚያያይዘው ክፍል ላይ ነው። በአሮጌ ሃይሉክሶች ይህ ክፍል በቫኪዩም፣ ማለትም አየሩ ተመጥጦ በሚፈጠር ባዶነት ይሠራል። ቫኪዩሙ በዲዝሎቹ ከዲናሞው ጀርባ ካለው ፓምፕ ይነሳል፣ በቀጫጭን የጎማ ቱቦዎች ይሄዳል። ቱቦዎቹን ከመጋጠሚያቸው አጠገብ አጥፋችሁ እዩ፤ ስንጥቁ ቱቦው ቀጥ ሲል አይታይም። የቫኪዩም የእጅ ፓምፕ ካላችሁ ዲያፍራሙን (ቫኪዩሙ የሚያንቀሳቅሰውን ስስ ላስቲክ) ሳቡና የፓምፑ መርፌ ሳይወርድ መቆየቱን ተመልከቱ።

የኛ አገር ከፍታ እዚህ ላይ ዋጋ አለው። ቫኪዩም የሚሠራው የውጭ አየር ዲያፍራሙን ሲገፋው ነው። ስሜን ተራሮች ውስጥ ያለው ጨነቅ ካምፕ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በአንድ ሦስተኛ ያህል ያነሰ ነው። ትንሽ የሚያፈስ ቱቦ ጎንደር ከተማ ውስጥ ፎር ዊሉን አስገብቶ ስሜን ላይ ሊያቅተው የሚችለው ለዚህ ነው። «እናንተ ጋ ይሠራል፣ ላይ ስወጣ እንቢ ይላል» የሚል ሹፌር ስትሰሙ አትጠራጠሩት፣ ቱቦውን ቀይሩለት።

የፊት ዲፈረንሻሉን በቫኪዩም ሳይሆን በትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር የሚያያይዘው ዓይነት ግን የሚበላሸው በውኃ ነው። ወንዝ ሲሻገር የመተንፈሻ ቱቦው ከተደፈነ ወይም ከወለቀ ውኃ ይገባል፣ ውስጡ ይዝጋል፣ ሥራውን ስለማይጨርስም መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለቱን ይቀጥላል። ሲገባ ለአጭር ጊዜ ብልጭ ቢል ግን ጤነኛ ነው።

መብራቱ አልጠፋም ካለ አስቀድማችሁ ሹፌሩ በደረቅ አስፋልት ላይ በፎር ዊል ነድቶ እንደሆነ ጠይቁት። እንዲህ ሲነዳ የትራንስፈሩ ጥርሶች ተጨናንቀው ይያዛሉ፤ ወደ ሁለት ጎማ መልሳችሁ ጥቂት ሜትር ቀጥ ብላችሁ ወደኋላ ስትነዱ ይለቃሉ። እየደጋገመ ከያዘ የአራቱን ጎማዎች የመጠን ቁጥርና ጥርስ አወዳድሩ። ከፊት አዲስ ከኋላ ያለቀ ጎማ ከተገጠመ፣ በአፈር መንገድም ቢሆን ትራንስፈሩ ይጨናነቃል።