ከጀርመን ነጭ ወይን ለምታስመጪው እህት
«ወንድሜ ከፍራንክፈርት ጅማ ሊመጣ ነው፤ ለመልሱ ጣፋጭ ያልሆነ ነጭ ወይን የቱን ይግዛ? አማቴ ጣፋጭ አይወዱም» ላልሽው እህት። በዚህ ጉዳይ ስለተቃጠልኩ ልንገርሽ።

1ኛ፦ «የሞዘል ሪዝሊንግ አምጣ» ብለሽ ብቻ እንዳትተዪው፤ ሪዝሊንግ ነጭ ወይን የሚጠመቅበት የወይን ፍሬ ዓይነት ነው። ከሞዘል ወንዝ ዳር ድራዩም (ጣፋጭ ያልሆነው) ጣፋጩም ይወጣል፤ ያውም ከአንድ እርሻ። ጠርሙሱ ላይ «ትሮከን» የሚል ይፈልግ፤ በጀርመንኛ ድራይ ማለት ነው። እሱ ካለ በሊትር የሚቀረው ስኳር ከ9 ግራም አይበልጥም። «ፋይንሄርብ» ካለ ጣፈጥ ይላል። «ሽፔትሌዘ» የሚለው ደግሞ ፍሬው ሲለቀም ምን ያህል በስሎ እንደነበር ነው የሚናገረው፤ በእሱ ብቻ እንዳትገዙ።

2ኛ፦ ሻጭ አትመኚ። ለአክስቴ ልጅ ምርቃት ወይኑን የገዛሁት አዲስ አበባ ነው። «ይሄ ድራይ ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። ሰውዬው ቀና እንኳን ሳይል፣ ስልኩን እየነካካ፣ «ነጭ ሁሉ ድራይ ነው አባቴ» አለኝ። ጅማ ድረስ ተሸክሜ አምጥቼ ሲከፈት ሽሮፕ! አጎቴ አንዴ ፉት አሉና ብርጭቆውን ገፋ አድርገው ቡና ጠየቁ። ደውዬ ብነግረው «የተከፈተ አንመልስም» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ገንዘቡስ ይሁን፣ ንቀቱ ነው ያንገበገበኝ።

ጠርሙሱን አዙሬ ሳየው አልኮሉ 8 በመቶ ይላል። ምስጢሩ እዚያ ነበር። ስኳሩን ወደ አልኮል የሚቀይረው እርሾው ነው። መፍላቱ መሃል ላይ ከቆመ አልኮሉ ያንሳል፣ ስኳሩ ይቀራል። 11.5 ወይም 12 የሚል የሞዘል ሪዝሊንግ ግን አብዛኛውን ጊዜ ድራይ ነው። አሁን ዘመድ ሁሉ ከመግዛቱ በፊት የጠርሙስ ፎቶ የሚልከው ለእኔ ነው። አልዋሽሽም፣ ደስ ይለኛል።

ዋጋው ተወደደ ብለሽ ደግሞ ወንድምሽን አትነዝንዢው። አገሩ ብርድ ነው፤ ፍሬው ቀስ ብሎ ስለሚበስል ያ ደስ የሚል ኮምጣጣነቱ አይጠፋም። ቁልቁለቱ ደግሞ ጉድ ነው። ብሬም መንደር አጠገብ ያለው ካልሞንት የሚባለው ተራራ 65 ዲግሪ ገደማ ያዘነብላል። እዚያ ላይ የሚለቀመው በእጅ ነው፣ እግር እየተንሸራተተ።

ሦስተኛው ምን ነበር... አዎ፣ ምግቡ። ትሮከኑን ከዶሮ ወጥ ጋር እንዳታቀርቢው፤ በርበሬውና አልኮሉ ተጋግዘው ምላስ ይለበልባሉ። ለተጠበሰ ዓሣና ለአልጫ አድርጊው። ለዶሮው የሚሻለው ፋይንሄርቡ ነው፤ አማትሽ ባይወዱትም ሌላው እንግዳ ያመሰግንሻል።

አዳራሽ ከሆነ ድግሱ፣ አስተናጋጆቹ ፍሪዘር ውስጥ ከተው እንዳይረሱት ንገሪያቸው፤ በረዶ ሲሠራ ጠርሙሱ ይሰነጠቃል። ፍሪጅ ይበቃዋል። ስንት ሊትር ይዞ መግባት እንደሚፈቀድለትም ወንድምሽ ቀድሞ ጉምሩክን ይጠይቅ። ከመክፈሉ በፊት የጠርሙሱን ፊትና ጀርባ ፎቶ ያንሳና ላኪልኝ፣ አየዋለሁ።