መጀመሪያ ምን ልግዛ ላላችሁኝ

ሰሞኑን አንድ የባሕር ዳር ልጅ «ጋሼ፣ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ልጀምር ነው፤ መጀመሪያ ምን ልግዛ?» አለኝ። ምንም አትግዛ፣ ስልክህ ይበቃል አልኩት። ፊቱን አጨማደደ፤ የኪቦርድ ስም እንድነግረው ነበር የጠበቀው። ጥያቄው ግን ሐሊም ኤልዳብን አስታወሰኝ፤ እኔ ራሴ ያበላሸኋትን አንዲት ካሴትም እንዲሁ።

ሐሊም ግብጻዊ የሙዚቃ ደራሲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1921 ካይሮ ተወለደ፣ የተማረው የእርሻ ምህንድስና ነው፣ ነሐሴ 27 ቀን 2009 ዓ.ም. በ96 ዓመቱ አሜሪካ ኬንት ከተማ ውስጥ አረፈ። እ.ኤ.አ. በ1944 ካይሮ ካለ ሬዲዮ ጣቢያ የሽቦ መቅጃ ተውሶ ሴቶች ወደሚያዜሙበት የዛር ሥርዓት ገባ። ዛር ለእኛ ለጎንደርና ለጣና ዙሪያ ሰዎች ማብራሪያ አይፈልግም። ቴፕ ገና አልተስፋፋም ነበር። ሽቦ መቅጃ ማለት የፀጉር ያህል የቀጠነ የብረት ሽቦ በማግኔቱ ፊት የሚሮጥበት ከባድ ሣጥን ነው። በተለመደው ፍጥነት በሴኮንድ 60 ሴንቲሜትር ግድም ይበላል፤ የአንድ ሰዓት ቀረጻ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ሽቦ ነው። ሲበጠስ ቋጥረህ ትቀጥላለህ፣ ቋጠሮው ሲያልፍ «ጠቅ» ይላል። ሽቦው እየሮጠ ስለሚጠማዘዝ ቀጭኑ ድምፅ አንዴ ይጠራል፣ አንዴ ይደበዝዛል።

የቀዳውን ይዞ ወደ ሬዲዮ ጣቢያው ስቱዲዮ ተመለሰ። ግድግዳዎቹ የሚንቀሳቀሱ ነበሩ፤ እያራቀና እያቀረበ ማስተጋባቱን ለወጠ፣ መልሶ ቀዳ፣ ደግሞ ለወጠ። ከሴቶቹ ድምፅ ወፍራሙን መሠረት ቆርጦ ጣለና ከላዩ የሚንሳፈፈውን ብቻ አስቀረ። ቃላቱ ጠፉ፣ ዜማውም ሊጠፋ ምንም አልቀረው፤ የቀረው የሚጮህ ብርሃን የሚመስል ነገር ነው። ፓሪስ ውስጥ ፒየር ሼፈር በተቀዳ ድምፅ ሙዚቃ መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። ካይሮ 4 ዓመት ቀድማለች። ሐሊም ለዚህ ሥራው ኪቦርድ አላስፈለገውም፤ ይኼን ነው ለልጁ ልነግረው የፈለግኩት።

የእኔ ካሴት ወሬ አጭር ነው። ጣና ዳር የተቀዳ የአንድ ሽማግሌ ዋሽንት ነበር። ወደ ኮምፒውተር ስገለብጠው ከ300 ኸርዝ በታች ያለውን፣ ወፍራሙን ድምፅ በሙሉ ቆረጥኩ፤ ማዕበሉና ንፋሱ ቆሻሻ መስሎኝ። ኖይዝ ማጥፊያውን ጨመርኩበት፣ ትንፋሹም አብሮ ሄደ። ከዚያ በካሴቱ ላይ ሌላ ነገር ቀዳሁበት። ዛሬ ፋይሉን ስከፍተው ዋሽንቱ የፕላስቲክ ይመስላል፣ ሐይቁም የለም።

ሐሊምም ቆርጧል እኮ ትሉኛላችሁ። ቆርጧል፣ ያውም ከእኔ የባሰ። ይኼ ዛሬም አልተፈታልኝም። ብቻ ዋናውን ፋይል አትንኩ፤ የምትቆራርጡት ግልባጩን ይሁን።

ጣና ዳር የምትቀዱ ከሆነ በማለዳ ውጡ። ቀን ፀሐይ የብሱን ስታሞቀው ከሐይቁ ንፋስ ይነሳል፤ ከሰዓት በኋላ ማይኩን ይመታና ወፍራም ጉርምርምታ ይሆናል። ነጠላ መጠቅለል አይረዳም፤ ስፖንጅ፣ በላዩ ፀጉራም ጨርቅ አድርጉ። ስልኩ ላይ ዋቭ (ያልተጨመቀውን የፋይል ዓይነት)፣ 48 ኪሎ ኸርዝ፣ ከተቻለ 24 ቢት ምረጡ። ድምፅን በራሱ ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን ማስተካከያ አጥፉት፤ ማሲንቆው ዝም ሲል የባጃጁን ጩኸት ጎትቶ የሚያመጣው እሱ ነው። ከፍተኛው ምት ከዜሮ፣ ማለትም ከመለኪያው ጫፍ፣ 12 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ይቁም። ለማሲንቆ ግማሽ ሜትር ራቁና ከቆዳው ትንሽ ወደ ጎን ዘወር በሉ። ዋሽንትን ከነፊው አፍ ፊት ለፊት አትቅዱ፣ ትንፋሹ ማይኩን ይመታዋል። በመጨረሻ ማንም ሳይጫወት 1 ደቂቃ ሐይቁን ብቻ ቅዱ። ፈቃድ መጠየቅ እንዳለባችሁ አልነግራችሁም።

የዛሬ ልጆች ጎበዞች ናችሁ፣ እጃችሁ ፈጣን ነው፣ ግን የተዘጋጀ ድምፅ ትመርጣላችሁ እንጂ ድምፅ አትሠሩም። አሥር ዘፈን ከፍቼ አሥሩም ላይ ያው ከበሮ! ከበሮው እዚሁ ጊዮርጊስ አለላችሁ።

የሐሊምን ዘዴ መሞከር ለሚሻ ባዶ ሮቶ ይበቃል። ግልባጩ ላይ ከ1000 ኸርዝ በታች ያለውን በኦክታቭ 24 ዴሲቤል በሚወርድ ማጣሪያ ቁረጡ። ትንሽ ስፒከር ሮቶው ውስጥ አውርዱ፣ ስልኩን አፉ ላይ አድርጉና መልሳችሁ ቅዱ። የተቀዳውን ደግሞ አጫውታችሁ ቅዱ፤ 3 ጊዜ ያህል። በየዙሩ ሮቶው የሚወደው ድምፅ ብቻ እየወፈረ ሌላው ይሟሟል። ከ3 ዙር በኋላ ብዙ ጊዜ አንድ ድምፅ ጮኾ ሁሉን ይውጣል፤ ያንን ድምፅ ፈልጋችሁ 6 ዴሲቤል ቀንሱለትና ቀጥሉ። ስልኩ ስፒከሩን ከተጠጋ የሚቀዳው ስፒከሩ ነው፣ ሮቶው አይሰማም።

ሐሊም እኛም አገር ኖሯል። ከ1962 እስከ 1964 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፣ በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ፤ በየፊናቸው የሚጫወቱ ማሲንቆ፣ ክራር፣ በገናና ዋሽንት አንድ መድረክ ላይ። ይኼ ከሽቦው ሳይከብድ አይቀርም። ዋሽንት ቀዳዳው አንዴ ከተበሳ አይቃኝም፣ ስለዚህ ነፊው ብዙ ዋሽንት ይይዛል፣ ባለማሲንቆና ባለክራር ደግሞ ወደ እሱ ቅኝት ይመጣሉ። አብራችሁ ስትቀዱ መጀመሪያ ዋሽንቱን አስነፉ፣ ከዚያ ሌላውን ቃኙ። ክረምት ላይ የማሲንቆው ጭራ እርጥበት ጠጥቶ ይላላል፣ ቅኝቱ ይወርዳል፤ በየዘፈኑ መሃል ዋሽንቱን እንደገና አስነፉና ማሲንቆውን ቃኙ።