የባክቴሪያ ዱቄቱን ማታ እንዳትበትን

ሐይቅ ከተማ አካባቢ ኩሬ ቆፍረህ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ዓሣ ልታረባ የተነሳኸው ወንድሜ፣ «ባሲለስ የሚሉትን ዱቄት ልግዛ ወይስ ገንዘቤን ላባክን ነው?» ብለሃል። አብሽር፣ ይሠራል፤ ዱቄቱ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች የኩሬውን ቆሻሻ ያፈርሳሉ። እኔ ኮምቦልቻ አጠገብ ነው የማረባው። አንተም እንደኔ አየር ማስገቢያ ፓምፕ ሳይኖርህ ነው የጀመርከው ብዬ ልመልስልህ።

1. ማሸጊያውን አንብብ። ባሲለስ ሰብቲሊስ ወይም ሊኬኒፎርሚስ የሚል ስም፣ በግራም ስንት ሕያው ባክቴሪያ እንዳለው፣ ጊዜው የሚያልፍበት ቀን ይኑረው። ከሌለው አትንካው። ዱቄቱ ውስጥ ያለው ስፖር፣ ማለትም እንደ ዘር የተኛው ባክቴሪያ፣ በጠንካራ ቅርፊት ስለተሸፈነ ያለ ፍሪጅ ይቆያል። የዓሣውን የሆድ አሲድም ተቋቁሞ አንጀቱ ድረስ ይገባል። መብራት በሚጠፋበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

2. የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ እስኪወጣ አቆየው። ስፖሩ አንዴ ከነቃ ክሎሪን ይገድለዋል።

3. ማታ አትበትን። የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። የሸጠልኝ ነጋዴ «ማታ ማታ አብዝተህ በትን፣ ሌላ ምንም አያስፈልግህም» አለኝ። ፓምፕ አለህ ወይ ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም። ባሲለስ እኮ ትርፍራፊ መኖውንና ኩሱን የሚያፈርሰው ኦክስጅን እየተጠቀመ ነው! ሌሊት አልጌውም (ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው) ኦክስጅን መሥራቱን አቁሞ ተሻሚ ይሆናል። በዚያ ላይ ሐይቅም ኮምቦልቻም ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው፤ ሙቀቱ እኩል ከሆነ ከፍታ ላይ ያለ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ከቆላው ያንሳል። ጎህ ሲቀድ ዓሦቼ ውሃው ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ። ትልልቆቹ ቀድመው አለቁ፣ ለገበያ የደረሱት። ነጋዴው «ዓሣ ይሞታል፣ ምን አዲስ ነገር አለው?» ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። አቤት ልል የሄድኩበት ቢሮ ደግሞ «ባክቴሪያ ጨምር ያለህ ማን ነው?» ብሎ ከበር መለሰኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

አሁን ፀሐይ ከወጣች በኋላ፣ ፓምፑ እየሠራ ነው የምጨምረው። አብዛኛውን ግን ከመኖው ጋር ለውሼ ነው የምሰጠው። ከኩሬው ሥር ይወጣ የነበረው ጥቁር የሚሸት ጭቃ በጣም ቀንሷል፣ የሚያየው ሁሉ ይመሰክራል። መኖ ካበዛህ ግን አያድንህም። ከዓሣውና ከትርፍራፊ መኖው የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ በዋናነት የሚያጠፉት ስፖር የማይሠሩ ሌሎች ባክቴሪያዎች ስለሆኑ ውሃ መቀየሩንም አትተው።

ገንዘቡ ለሁለቱም ካልበቃህ ዱቄቱን ለጊዜው ተወው። ፓምፑን ግዛ።