ኮሌጅ የገባ ልጅና የአሜሪካ ሕግ፦ ጥያቄና መልስ

በአሜሪካ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ጉዳይ ቢሮ ውስጥ ለዓመታት ስለሠራሁ፣ ከወላጆችና ከተማሪዎች የደረሱኝን ጥያቄዎች በተቻለኝ መጠን እመልሳለሁ። የምሰጠው አጠቃላይ ማብራሪያ ነውና የጠበቃን ምክር አይተካም። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ የአንድ ተማሪ እናት)፦ ሁለት ቦታ እየሠራሁ የልጄን የትምህርት ክፍያ የምከፍለው እኔ ነኝ። ውጤቱን ለመጠየቅ ሬጅስትራር ቢሮ ብደውል «ያለ እሱ ፈቃድ ልንነግርዎ አንችልም» አሉኝ። ከፋዩ እኔ ሆኜ ሳለሁ እንዴት እንዲህ ይባላል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ሰዎቹ እርስዎን ንቀው ሳይሆን ሕግ ይዟቸው ነው። በ1974 የወጣውና በተለምዶ ፈርፓ የሚባለው የፌዴራል ሕግ እንደሚደነግገው፣ ልጁ ኮሌጅ ከገባበት ጊዜ ጀምሮ፣ ዕድሜው 18 ባይሞላ እንኳ፣ በትምህርት ማኅደሩ ላይ ወላጅ የነበረው መብት ወደ ራሱ ወደ ተማሪው ይዛወራል፤ ገንዘቡን ማን ከፈለ የሚለው ከቁጥር አይገባም። ልጅዎን በዓመታዊ የግብር ማስታወቂያዎ ላይ በእርስዎ ሥር የሚተዳደር አድርገው ካስመዘገቡት ኮሌጁ መረጃውን ሊሰጥዎ ይችላል፤ ሕጉ ግን «ይችላል» እንጂ «ይገደዳል» ስለማይል እምቢ ቢሉዎት አይፈረድባቸውም። የተማሪውን ጤና ወይም ሕይወት የሚያሰጋ አስቸኳይ ሁኔታ ሲፈጠርም ለወላጅ መናገር ይፈቀድላቸዋል። ከሁሉ የሚቀለው ልጁ ራሱ የፈቃድ ቅጹን እንዲፈርም ማድረግ ነው። 18 ከሞላው የሐኪም ቤቱም መልስ ከዚህ ስለማይለይ፣ ቢታመም ስለ እሱ የሚወስንለትን ሰው የሚሰይምበትን የሕክምና ውክልና ዶርም ሳይገባ ቢያዘጋጁ መልካም ነው። ጊዜውን ግን ይምረጡ፤ ለዶርም አንሶላና ብርድ ልብስ ሲገዛዙ ያነሡበት ቅጽ፣ ውጤቱ ከተበላሸ በኋላ በቁጣ ከሚያነሡበት ይልቅ በቀላሉ ይፈረማል።

ጥያቄ (የሁለተኛ ዓመት ተማሪ)፦ መምህሬ ያስገባሁትን ጽሑፍ «በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፈ ነው» ብሎ ከሰሰኝ። የጻፍኩት እኔ ራሴ ነኝ። አባቴ «ይቅርታ ጠይቀህ ጨርስ፣ ከትልቅ ሰው ጋር አትከራከር» ይለኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ አባትህን አክብር፤ ይህን ምክር ግን አትቀበለው። በእኛ ዘንድ «አጥፍቼ ከሆነ ይቅርታ» የሚለው አነጋገር ጨዋነት እንጂ ጥፋትን ማመን አይደለም፤ ሽማግሌ ፊት ቢባል ነገር ያበርዳል። በዲን ቢሮ ማኅደር ውስጥ ሲገባ ግን የእምነት ቃል ሆኖ ይነበባል። አንድ ጊዜ የቀረበልን ጉዳይ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልጠፋም፤ ተማሪው ለመምህሩ በላካት ባለ ስድስት መስመር ኢሜይል ውስጥ ሦስት ጊዜ ይቅርታ ጠይቋል፣ ምን እንዳጠፋ ግን አንድም ቦታ አልጻፈም። የኮሚቴው ሰብሳቢ ኢሜይሏን ጮክ ብላ አነበበችና «ካመነ እንግዲህ ምን ቀረን?» አለች። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል፤ እኛ አክብሮት የምንለውን እነርሱ የጥፋተኝነት ምልክት አድርገው ቆጠሩት።

ስለዚህ በመጀመሪያ የቀረበብህ ክስ የትኛውን የመመሪያ አንቀጽ እንደሚጠቅስና ማስረጃው ምን እንደሆነ በጽሑፍ እንዲሰጥህ ጠይቅ። ጽሑፉን በጉግል ዶክስ ሠርተኸው ከሆነ፣ በየሰዓቱ የጨመርከውንና የሰረዝከውን የሚያሳየውን የለውጥ ታሪክ ከረቂቆችህና ከማስታወሻዎችህ ጋር አያይዘህ አቅርብ። ጽሑፍ በማሽን መጻፉን ለመለየት የሚያገለግል ሶፍትዌር የሚሰጠው ቁጥር ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ በ2023 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት እንዲህ ያሉ መለያዎች እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች የጻፉትን በብዛት የማሽን ሥራ ነው ብለው በስሕተት እንደሚፈርጁ ታይቷል፤ ይህንን ለኮሚቴው መጥቀስ ድፍረት አይደለም።

የምትማርበት ተቋም የመንግሥት መሆን አለመሆኑም ለውጥ ያመጣል። በ1960 በአላባማ ስቴት ኮሌጅ የሚማሩ ጥቁር ተማሪዎች በሞንትጎመሪ ፍርድ ቤት ሕንፃ ውስጥ በነበረው ምግብ ቤት ለነጮች ብቻ የተፈቀደ ቦታ ላይ ተቀምጠው እንዲስተናገዱ በመጠየቃቸው ያለ ምንም ክርክር ተባረው ነበር። በ1961 የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት «ዲክሰን» በተባለው መዝገብ የመንግሥት ኮሌጅ ተማሪን ከማባረሩ በፊት ክሱን ሊያሳውቀውና ሊሰማው ይገባል ሲል ወሰነ፤ ዛሬ አንተ ኮሚቴ ፊት ቀርበህ የመናገር መብትህ ከዚያ ውሳኔ የሚቀዳ ነው። የግል ኮሌጅ ከሆነ በሕገ መንግሥቱ በዚህ መልክ አይያዝም፤ እዚያ የሚያስረው የራሱ የተማሪዎች መመሪያ ስለሆነ እርሱን ቃል በቃል ማንበብ ይኖርብሃል። የይግባኝ ጊዜው አጭር ነው፤ ደብዳቤው በደረሰህ ዕለት የመጨረሻውን ቀን ፈልገህ መዝግብ።

ጥያቄ (በኤፍ-1 ቪዛ ከአዲስ አበባ የመጣ ተማሪ)፦ አንድ ኮርስ ከብዶኛልና ልተወው አስቤያለሁ። ችግር አለው?

መልስ፦ ኮርሱን ስትተው የሙሉ ጊዜ ተማሪ ከሚያሰኘው ከ12 ክሬዲት በታች የምትወርድ ከሆነ፣ መጀመሪያ የውጭ ተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊውን በጽሑፍ አስፈቅድ፤ ፈቃዱ ከመተውህ በፊት እንጂ በኋላ አይሰጥም። ሕመም ከሆነ በሐኪም ማስረጃ እስከ 12 ወር ድረስ የተቀነሰ ትምህርት ሊፈቀድልህ ይችላል። በግቢው ውስጥ የምትሠራውም በሴሚስተሩ ወቅት በሳምንት ከ20 ሰዓት አይለፍ፤ ከግቢ ውጭ ያለ ፈቃድ «እጅ በእጅ» መሥራት ቪዛህን ያሳጣሃል። ሳትጠይቀኝ አንድ ነገር ልጨምር፤ ማሪዋና በምትኖርበት ስቴት ቢፈቀድም በፌዴራል ሕግ ክልክል ስለሆነ፣ የአሜሪካ ዜግነት የሌለው ሰው በጓደኛው ፊት የሚቀልልበት ነገር በኢሚግሬሽን ፊት ይከብድበታል።

ጥያቄ (የአንደኛ ዓመት ተማሪ)፦ በዶርማችን የሚኖር ልጅ ክፍሌ በር ላይ ይጠብቀኛል፣ ሌሊት ያለማቋረጥ መልእክት ይልካል። ብናገር ቤተሰቦቼ ይሰማሉ ብዬ ፈራሁ።

መልስ፦ እኅቴ፣ የምትገልጪው ነገር ስም ያለው ጥፋት ነው፤ አንቺ ያጠፋሽው የለም። በ1972 በወጣውና በትምህርት ተቋማት በጾታ ምክንያት የሚደረግን አድልዎና ትንኮሳ በሚከለክለው፣ ታይትል ናይን በሚባለው ሕግ መሠረት ኮሌጅሽ ይህን ጉዳይ የሚከታተል ኃላፊ አለው። መደበኛ ክስ ሳታቀርቢ እንኳ ክፍል እንዲቀየርልሽ፣ ልጁም እንዳያነጋግርሽ በጽሑፍ እንዲታዘዝ መጠየቅ ትችያለሽ። ለቤተሰብሽ የመንገር ግዴታ የለባቸውም። ለመምህር ወይም ለዶርም ተጠሪ የነገርሽው ግን ወደ ኃላፊው ሊተላለፍ ስለሚችል፣ መጀመሪያ በምስጢር መማከር ከፈለግሽ ወደ ግቢው የሥነ ልቦና አማካሪ ሂጂ። መልእክቶቹን አትሰርዢ። መደበኛ ክስ ካቀረብሽ በሥራ ላይ ባለው የ2020 ደንብ መሠረት በቀጥታ የሚካሄድ ችሎት ይኖራል፤ ጥያቄ የሚያቀርብልሽ የልጁ አማካሪ እንጂ ራሱ ልጁ አይደለም፤ አንቺም የመረጥሽውን ሰው ይዘሽ መቅረብ ትችያለሽ። በአደጋ ላይ ከሆንሽ ወዲያው 911 ደውዪ።

ጥያቄ (ከዳላስ፣ አባት)፦ ልጄን ከመላኬ በፊት የአንድን ግቢ ደኅንነት በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ በ1986 ጂን ክለሪ የተባለች የ19 ዓመት ተማሪ በፔንሲልቬንያ በሚገኘው ሊሃይ ዩኒቨርሲቲ በዶርሟ ውስጥ ተገደለች፤ ገዳዩ የገባው መቆለፍ ሲገባቸው ክፍት በተተዉ በሮች ነበር። ወላጆቿ ባደረጉት ትግል በ1990 በወጣውና በስሟ በሚጠራው ሕግ የተነሣ፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ኮሌጅ ሁሉ የሦስት ዓመት የወንጀል ቁጥሮችን የያዘ ሪፖርት በየዓመቱ እስከ ኦክቶበር 1 ያወጣል፤ የግቢ ፖሊስ ያለውም የዕለት ወንጀል መዝገቡን ለጠየቀ ሁሉ ያሳያል። ሪፖርቱን ሲያነቡ ዜሮ አያስደስትዎ፤ ብዙ ሺህ ተማሪ በሚኖርበት ግቢ ዜሮ ማለት የሚያመለክት የለም ማለት ሊሆን ይችላል። ልጅዎን ሊጎበኙ ሲሄዱም የዶርሙን የጎን በር ይዩት፤ በድንጋይ ተደግፎ ክፍት ከሆነ ሪፖርቱ የማይነግርዎን ነገር አገኙ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ፖሊስ የዶርም ክፍሌን መፈተሽ ይችላል?

መልስ፦ የዶርም አስተዳደር በፈረምከው ውል መሠረት ለጤናና ለደኅንነት ቁጥጥር ሊገባ ይችላል። ፖሊስ ግን የፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ ያንተ ፈቃድ ወይም አስቸኳይ ምክንያት ያስፈልገዋል። «ብንገባ ቅር ይልሃል?» የሚለው ፈቃድ መጠየቅ እንጂ ሰላምታ አይደለም፤ በትሕትና «አልፈቅድም» ማለት ይቻላል።

ጥያቄ፦ መምህሩ በክፍል ውስጥ በአነጋገር ዘዬዬና በመጣሁበት አገር ያላግጣል፣ ኮሌጁም አቤቱታዬን ችላ አለው።

መልስ፦ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ በዘር፣ በቀለምና በትውልድ አገር ምክንያት የሚደረግን አድልዎ የፌዴራል ገንዘብ በሚቀበል ተቋም ሁሉ ይከለክላል። የተባለውን ቃል፣ ቀኑንና በስፍራው የነበሩትን ሰዎች ጻፍ፤ አቤቱታህን በፌዴራል ትምህርት ሚኒስቴር የሲቪል መብቶች ቢሮ በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ማስገባት ትችላለህ። የጊዜው ገደብ ድርጊቱ ከተፈጸመበት ዕለት ጀምሮ 180 ቀን ነው፤ ኮሌጁ እስኪመልስልህ እየጠበቅህ ይህ ጊዜ እንዳያልፍብህ።