ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ትወና ሳልችል በድራማ ልታከም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ለንደን ነው። አባቴ አገር ቤት ሲያርፍ ሄጄ አልቀበርኩትም። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፣ ሰው ማየትም ያስጠላኛል። ድባቴ ነው ተብዬ ሰርትራሊን 50 ሚሊ ግራም ጀምሬያለሁ። አሁን ደግሞ በድራማ የሚታከም ቡድን ውስጥ ግቢ አሉኝ። እኔ ትወና የት አውቄ? የአባቴን ሞት ሰው ፊት ተውኚው ሊሉኝ ነው? ከገባሁስ ኪኒኑን ልተወው?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ኪኒኑን አይተዉት። ሰርትራሊን በድንገት ሲቋረጥ ማዞር፣ ቅዠት፣ መነጫነጭ፣ አንዳንዴም ጭንቅላትን ኮረንቲ የያዘው ዓይነት ስሜት ያመጣል። ሕመሙ ከለቀቀ በኋላም ቢያንስ 6 ወር መቀጠል የተለመደ ነው፤ ሲቆምም ከሐኪም ጋር ተመክሮ ቀስ በቀስ ነው። ድራማው ከመድኃኒቱ ጎን ይሄዳል እንጂ አይተካውም።

ትወና አለመቻልዎ አያሳስብዎ። እንዲያውም የሚያስቸግረው ጎበዝ ተዋናይ ነው፤ ገጸ ባሕርይው ውስጥ ይደበቃልና። በቪየና የተማረው ሐኪም ያዕቆብ ሞሬኖ ሳይኮድራማ ብሎ የጀመረው ዘዴ (በ1936 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ ግዛት ቢከን ከተማ በከፈተው ሆስፒታል መድረክም ነበረው) ሦስት ደረጃ አለው፦ ማሟሟቅ፣ ድርጊት፣ ከዚያ የተሰማን መካፈል። ብዙ የዛሬ ቡድኖችም በዚሁ መልክ ይሠራሉ፤ ከ6 እስከ 10 ሰው፣ በሳምንት አንዴ፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት።

የአባትዎን ሞት በመጀመሪያው ቀን ተውኚው የሚል ቴራፒስት ካጋጠመዎት ሥራውን አያውቅም። ሐዘኑ በጣም ሲቀርብ ሰው ይሰጥማል፤ በጣም ሲርቅ ደግሞ ምንም አይነካም። ስለዚህ የሚጀመረው ከሩቅ ነው፤ በተረት፣ በአሻንጉሊት፣ በሌላ ሰው ታሪክ። ዝግጁ ሲሆኑ ባዶ ወንበር ሊመጣ ይችላል። ወንበሩ ፊት ለፊትዎ ይቀመጣል፤ አባትዎ ምን እንደለበሱ፣ እጃቸውን የት እንዳደረጉ ይጠየቃሉ፤ ከዚያ ያልነገሯቸውን ይነግሯቸዋል። በአማርኛ ይናገሩ፤ ቴራፒስቱ ቃሉን ባይሰማ ድምፅዎንና ትንፋሽዎን ይከተላል፣ ፍሬ ነገሩን በኋላ በእንግሊዝኛ ያጫውቱታል። ለቅሶ ቤት የሟችን ፎቶና ልብስ ይዞ እያናገሩ ማልቀስ ለምናውቅ ሰዎች ይህ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ ቀጥሎ ነው፤ ተነስተው እሳቸው ወንበር ላይ ይቀመጡና በእሳቸው አፍ ለራስዎ ይመልሳሉ። “ለምን አልመጣሽም?” ይለኛል ብለው ሲፈሩት የኖሩት ሰው ሌላ ነገር ሲናገር የሚሰማው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

አብዛኛው ጥፋት የሚደርሰው ሲጨረስ ነው። ሁልጊዜ በራስዎ ወንበር ተቀምጠው፣ የመጨረሻውን ቃል በራስዎ ድምፅ ተናግረው ይጨርሱ። ከዚያ ከሚናው መውጣት አለ፦ እንደ ምልክት የለበሱትን ነጠላ ወይም ኮፍያ ያወልቃሉ፣ ሰውነትዎን ያራግፋሉ፣ ስምዎን፣ ዕለቱን፣ ማታ የሚሠሩትን ወጥ ይናገራሉ። አባትዎን ወክሎ የቆመ የቡድን አባል ካለ እሱም “እኔ አባቷ አይደለሁም” ብሎ ስሙን ይጠራል። ይህ ከተዘለለ ሰው የሌላውን ሐዘን ተሸክሞ ቤቱ ይገባል፤ ሌሊቱን እንቅልፍ ያጣል። ለመካፈያው ቢያንስ 20 ደቂቃ መቅረት አለበት፤ ሌሎቹም የሚናገሩት ራሳቸው የተሰማቸውን ነው፣ ምክር አይደለም። “አይዞሽ፣ እርሺው” የሚል ከተነሳ ቴራፒስቱ ሊያስቆመው ይገባል።

ሥነ ጥበብ ሁሉን ይፈውሳል የሚልዎትን አይመኑ። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ የብሪታንያ ጥናት ስኪዞፍሬንያ (ከእውነታ የሚያርቅ የአእምሮ ሕመም) ያለባቸውን 417 ሰዎች ተከታትሎ፣ በሥዕል የቡድን ሕክምና የተመደቡት ከሌሎቹ የተሻለ ለውጥ አላሳዩም፤ ብዙዎቹ ደግሞ እምብዛም አልተገኙም። ሌላው የማይሰማው ድምፅ የሚሰማው፣ ወይም ማኒያ (ከልክ ያለፈ የስሜት መነሳሳት) የያዘው ሰው መጀመሪያ በመድኃኒት መረጋጋት አለበት። ራስዎን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብዎ የቡድኑን ቀን አይጠብቁ፤ 111 ደውለው 2ን ይጫኑ፣ ሕይወትዎ አደጋ ላይ ከሆነ 999።

ከመግባትዎ በፊት የቴራፒስቱን ስም የጤናና እንክብካቤ ሙያዎች ምክር ቤት መዝገብ ላይ ይፈልጉ፤ እዚያ አገር “ድራማቴራፒስት” የሚለው ማዕረግ በሕግ የተጠበቀ ነው። ለብቻዎ አግኝተውትም “ከሚና የምታወጣን እንዴት ነው? ካልፈለግሁ ማየት ብቻ እችላለሁ?” ብለው ይጠይቁት። ለሁለተኛው መልሱ አዎ ካልሆነ ሌላ ቡድን ይፈልጉ።