ያንግትዜን ሽቅብ መውጣት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

(ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ በቻይናው ያንግትዜ ወንዝ ዳር ያለው የሃንኮው ወደብ ለውጭ መርከቦች የተከፈተው በ1861 ነው። ታዲያ የእንፋሎት መርከብ ከወንዙ ሽቅብ ወዳለችው ቾንግቺንግ ከተማ ለመድረስ እስከ 1898 ለምን ዘገየ?

መልስ፦ ከሃንኮው በታች ወንዙ ሰፊና ዝግ ያለ ስለሆነ መርከብ ብዙ አይቸገርም። በመካከል ካለችው ዪቻንግ ከተማ በላይ ግን ሺሊንግ፣ ዉ እና ቹታንግ የሚባሉ ጠባብ ሸለቆዎች አሉ። ከተራራ የተናደ ድንጋይና ገባር ጅረቶች ያመጡት ኮረት መተላለፊያውን ስለሚያጠቡት ውኃው እየተንደረደረ ይወርድ ነበር። የእንጨት ጀልባዎች ይህን የሚያልፉት በሰው ጉልበት ነበር፤ ጎታቾች ከቀርከሃ የተገመደ ገመድ ትከሻቸው ላይ አድርገው በገደሉ ጥግ ይስቡ ነበር። ገመዱ ሲበጠስ ጀልባው ቁልቁል ተወስዶ ከድንጋይ ይላተም ነበር።

አደጋው እንደ ወቅቱ ቦታ ይቀያይር ነበር። ሺንታን የሚባለው ፈጣን ወራጅ ይከፋ የነበረው በበጋ፣ ውኃው ሲጎድል ነው። በቹታንግ መግቢያ የነበረው የያንዩ ቋጥኝ ደግሞ የሚያስፈራው በክረምት ነበር። ጀልበኞቹ «ያንዩ ዝሆን ሲያክል ሽቅብ አትውጣ፤ ፈረስ ሲያክል ቁልቁል አትውረድ» ይሉ ነበር። ቋጥኙ አነሰ ማለት ውኃው ሞላ ማለት ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ በፈንጂ ተነሥቷል።

ኮንግሊንግ በሚባለው ሌላ አደገኛ ቦታ የነበረው ብልሃት ከሁሉ ይደንቃል። እዚያ «ወደ እኔ ና» የሚል የተጻፈበት ድንጋይ ነበር፤ ምክሩም እውነተኛ ነበር። ቀጥታ ወደ ድንጋዩ ያቀናውን ጀልባ፣ ተመትቶ የሚመለሰው ውኃ ራሱ ወደ ጎን ገፍቶ ያሳልፈው ነበር። ፈርቶ አስቀድሞ የታጠፈ ግን ጎኑን ለወራጁ ይሰጥና ድንጋዩ ላይ ይወድቅ ነበር። ሱይሺያንግ የተባለው የጀርመን መርከብ በ1900 መጨረሻ የሰጠመው በኮንግሊንግ ነው።

በ1898 እንግሊዛዊው ነጋዴ አርኪባልድ ሊትል ቾንግቺንግ ያደረሳት ሊቹዋን ትንሽ የእንፋሎት ጀልባ ስትሆን በከፋው ቦታ እርሷም በጎታቾች ተስባለች። መደበኛ ጉዞ የተጀመረው በ1909 ሹቱንግ በተባለው የእንፋሎት መርከብ ነው። ዘዴው ቀላል ነበር፦ ሞተሩ በአንድ መርከብ፣ ጭነቱ ጎኑ ላይ በታሰረ ሌላ ጀልባ።

ጥያቄ፦ የባሕር መርከብ እስከ የት ይወጣል?

መልስ፦ ትልቁ እስከ ናንጂንግ። እስከዚያ ድረስ መስመሩ 12.5 ሜትር ጥልቀት እንዲኖረው ተቆፍሯል። ከዚያ በላይ በ1968 የተከፈተው የናንጂንግ ድልድይ አለ፤ ከሥሩ የሚያሳልፈው 24 ሜትር ከፍታ ያህል ነው። አነስ ያሉት ያልፋሉ።

ጥያቄ፦ ዛሬ መርከብ በእነዚሁ ሸለቆዎች የተሠራውን የሳንሺያ («ሦስቱ ሸለቆዎች») ግድብ እንዴት ይሻገራል?

መልስ፦ በአምስት ተከታታይ የውኃ ክፍሎች ነው፤ አንዱ መስመር ለወጪ፣ ሌላው ለወራጅ። እያንዳንዱ ክፍል 280 ሜትር ርዝመትና 35 ሜትር ስፋት አለው። ሽቅብ የሚሄደው ታችኛው ክፍል ገብቶ በሩ ይዘጋበታል፤ ከላይኛው ክፍል ውኃ ከሥር ባሉ ቦዮች ይለቀቃል። ፓምፕ አያስፈልግም፣ ውኃው በራሱ ክብደት ይወርዳል። የሁለቱ ክፍሎች ውኃ እኩል ሳይሆን በሩ አይከፈትም፤ የውኃው ግፊት አያስከፍተውም። መርከቡ የሚታሰረው ከውኃው ጋር ከፍና ዝቅ በሚል ተንሳፋፊ ምሰሶ ነው። የማይንቀሳቀስ ቦታ ላይ ቢታሰር ገመዱ ይበጠሳል፤ በወራጁ መስመር ከሆነ ደግሞ መርከቡ ይንጠለጠላል።

ይህ አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በ2016 የተከፈተው የመርከብ ማንሻ ግን እስከ 3,000 ቶን የሚደርሰውን መርከብ ከነውኃ ገንዳው በ40 ደቂቃ ያህል ያሳልፋል። መርከቡ ሲገባ የክብደቱን ያህል ውኃ ስለሚያስወጣ የገንዳው ክብደት አይለወጥም፤ በሌላው ወገን የተንጠለጠለው ማመጣጠኛ ክብደት ይበቃዋል።

ወረፋው ግን አልቀረም። ክፍሎቹ ለ2030 የታሰበላቸውን 100 ሚሊዮን ቶን ያሳለፉት በ2011 ነው። የሳንሺያን ያለፈ ቁልቁል ወራጅም 38 ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሎ በገዦባ ግድብ ሌላ በር ይጠብቀዋል።